የጎፈር ፀጉርና የሰዒዳ ንዴት

ሰዒዳ ስትሠራ ስፒሎቿን በከንፈሯ ነክሳ ትይዛለች። ከሚሴ ውስጥ ልብስ ያሰፋ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ስፒሉ አፏ ላይ እስካለ ድረስ ንዴቷ ማጉረምረም ብቻ ነው፤ አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰክታ ከጨረሰች በኋላ ግን አፏ ነጻ ይወጣልና ከፊቷ ዘወር ማለት ደግ ነው። ብልህ ደንበኛ መጀመሪያ ከንፈሯን ያያል፤ ቀጥሎ ቅሬታውን ይናገራል።

እኔ የማውቃት ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር፤ መጽሐፉም ለሦስታችን አንድ ነበረ። ሰዒዳ መካከል ትቀመጥና ወደ ራሷ ትስበዋለች። በዚያ መጽሐፍ ስለ ቤት እንስሳት የሚናገር ትምህርት ነበር፤ ሥዕሉ ላይ አንድ ውሻ በር ላይ ተጋድሞ ይታያል። መምህራችን "ውሻ ለሰው ምን ይጠቅማል?" ብለው ቢጠይቁ፣ ሰዒዳ እጇን ሳታወጣ "አማና ይጠብቃል!" አለች። እሳቸውም "እጅ ሳይወጣ መልስ የለም" ብለው አስቆሟት። እስከ ደወል ቆመች። ተደውሎ ሁላችንም ስንወጣ እሷ አልወጣም ብላ ቆመች። "መልሱ ትክክል ነው ይበሉ" አለች። ትክክል ነው አሏትና ወጣች።

ባሏ አብደላ፣ አላህ ይማረውና፣ የጨፋ ሰው ነበር። ከሰንበቴ ገበያ ከብት እየገዛ በጨፋ ሣር ላይ ያደልባል። አንድ ጊዜ ከገዛቸው ጊደሮች ኋላ ቡችላ ተከትሎት መጣ። የቆላ ከብት ጠባቂዎች ውሻ ዘር ነው፤ መልኩ ቀይ ዳማ፣ አንገቱ ላይ ፀጉሩ ገና ከልጅነቱ የተንዠረገገ። አብደላ ጎፈር አለው። ሰዒዳ "ይህን ካስገባህ እኔ እወጣለሁ" ብላ ነበር፤ እሷም አልወጣችም፣ ቡችላውም አልወጣም። አብደላ ታሞ ሳይሰነብት ሲሞት ቤት ውስጥ የቀሩት ሰዒዳ፣ የአብደላ እናት እማ ዓዲላና ጎፈር ናቸው።

እማ ዓዲላ ውሻ አይወዱም። ጎፈር በአጠገባቸው ሲያልፍ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሲቆጡ ኦሮምኛቸው ይቀድማልና "ይህን ሰሬ ከዐይኔ አርቂልኝ!" ይሏታል፤ ሰሬ ውሻ ማለት ነው። ውሻው ግን ስሙ የተጠራ ያህል ጭራውን ይቆላላቸዋል።

አብደላ በሞተ በዓመቱ ሌባ የሱቋን ቆርቆሮ ገልብጦ ገባ። የዘጠኝ ሰው ጨርቅ ሄደ። ሰዒዳ ዘጠኙም ደጅ ድረስ ሄዳ አውፍ በሉኝ አለች፤ ለሷ አውፍ ማለት ያለ ማደንዘዣ ጥርስ እንደ መነቀል ነው። ዘጠኙም ይቅር ሲሏት ተመልሳ ጎፈርን ከጓሮ ፈታችና ሱቋ ደጃፍ ላይ አሳደረችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ድውር ክር አልጠፋም። ችግሩ ሌላ ሆነ፤ ጨርቁን የሚጠብቀው ውሻ ጨርቁ ላይ ፀጉሩን ያራግፍ ጀመር።

ዘንድሮ ረመዳን ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት፣ እህል ነጋዴው ሐጂ ሙሳ ሰዒዳ የሰፋችለትን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ለጁምዓ ሄደ። ሐጂ ሙሳ አጥር የምትጋራው ጎረቤቷ ነው። ሶላቱ አልቆ ሰው ሲሳላም ከጎኑ የነበረው ሰውዬ ከትከሻው ላይ አንድ ቀይ ፀጉር መዘዘና ወደ ብርሃኑ አነሳው።

"ሐጂ፣ በግ አርደዋል እንዴ?"

"ይህማ የበግ አይደለም፤ የጎፈር ነው" አለ ሌላው።

ሳቁ። ሐጂ ሙሳ ከመስጊድ በቀጥታ ሱቋ መጣ። በንዴቱ ብዛት ከንፈሯን ሳያይ ነው የጀመረው።

"ሰዒዳ! ይህ ምንድን ነው?"

ሰዒዳ አራቱን ስፒል አንድ በአንድ ሰካች።

"ፀጉር ነዋ።"

"የማን ፀጉር?"

"የአንቱማ አይደለም። አንቱ ራሰ በራ ነዎት።"

ነገሩ ቅሬ ደረሰ። ቅሬያችን የሞተውን ይቀብራል፣ በሕይወት ያለውን ያስታርቃል፤ እኔም እንደ አንዱ አባል በዚያ ዕለት ዋርካው ሥር ተቀምጬ ነበር። የቅሬው ዳኛ ሸህ ሸምሱ ሁለቱንም ሰሙ። ሐጂ ሙሳ "ልብሱ የሶላት ልብስ ነው፤ እሷ ውሻ ታሳድራለች፤ ወይ ውሻውን ወይ መርፌውን ትምረጥ" አለ። ሰዒዳ "ውሻው የሚጠብቀው የእናንተን ጨርቅ ነው! የኔማ ምን አለኝ፣ መቀስና ንዴት!" አለች። ሸህ ሸምሱም እንዲህ ፈረዱ፦ እስከ አረፋ ድረስ ጊዜ ይሰጣት። ለአረፋ የሰፋችው ልብስ በዋዜማው እዚሁ ይመጣል፤ ፀጉር ካልተገኘበት ውሻው ይቆያል፣ ከተገኘበት ወደ ሰንበቴ ተወስዶ ለቆላ ከብት ጠባቂ ይሰጣል።

"ሰምተሻል ልጄ?"

"ሰምቻለሁ" አለች ሰዒዳ፣ ጥርሷን ነክሳ። ስፒል አልነበረባትም፤ ባዶ ጥርሷን ነው የነከሰችው።

ዘመቻው በማግስቱ ተጀመረ። ጎፈርን ከሱቁ ደጃፍ አንሥታ ግቢው ዳር ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር አሰረችው። ሱቁን በቀን ሦስት ጊዜ ጠረገች፤ በጠረገች ቁጥር ፀጉሩ እየተነሣ ጨርቁ ላይ አረፈ። በሳምንቱ ንዴቷ ሞልቶ ፈሰሰና ትልቁን የጨርቅ መቀስ ይዛ ወጣች።

"አንተ ፀጉር ካለህ እኔ መቀስ አለኝ!"

በግ እንደሚሸለት የግራ ጎኑን ከትከሻው እስከ ታፋው ሸለተችው። ወደ ቀኙ ልታዞረው ስትል እማ ዓዲላ ከደጃፉ "ዲሲ! ዲሲ!" እያሉ ጮኹ፤ ተዪው ማለታቸው ነው። "የሟች ልጄን ውሻ መሳቂያ አታድርጊው!" ሰዒዳ ደነገጠችና መቀሱን ጣለች። ጎፈር በቀኝ ጎኑ አንበሳ፣ በግራ ጎኑ የተላጨ ፍየል መስሎ ሰነበተ። ሰፈሩ እየመጣ በአጥር ያየው ነበር። የሽልቱ ጥቅም ደግሞ ኪሳራ ሆነ፤ ረጅሙ ፀጉር ይታያል፣ በጣት ይለቀማል፤ አጭሩ ግን እንደ መርፌ ጨርቁ ውስጥ ይሰካል። አንድ ጀለቢያ ለመልቀም ከመስፋቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደባት።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የባሰው። ሰዒዳ ሰኞ ሰኞ ጨርቅ ለመግዛት ባቲ ትሄዳለች። ማክሰኞ ጠዋት ስትነሣ የጎፈር ፀጉር በጭብጥ ጭብጥ ረግፎ ቁርቁራው ሥር ተነጥፎ ታገኘዋለች። ውሻው ራሱን እያከከ ያላዝናል። ሁለት ሰኞ አለፈ፣ ሦስት ሰኞ አለፈ፣ እንደዚያው። ሌላም ነገር አስተዋለች። እሑድ ሞልታ ያስቀመጠቻቸው ጄሪካኖች ማክሰኞ ባዶ ናቸው። ቁርቁራው ሥር ደግሞ እሷ ያልሰጠችው የተጋጠ አጥንት ወድቋል።

አጥንቱን አንሥታ ወደ ሐጂ ሙሳ አጥር አየች። አየችና ሁሉንም ነገር ያወቀች መሰላት።

የሐጂ ሙሳ መጋዘን ያን ጊዜ ማሽላ በሚያስለካ ሰው ሞልቶ ነበር። እኔም ለቤቴ ልሸምት ሄጄ ቆሜያለሁ። ሰዒዳ አጥንቱን በጨርቅ ጠቅልላ ገባችና ሚዛኑ ላይ ወረወረችው።

"መዝነው!"

ከአጥንቱ ይልቅ ያስደነገጠን ቃሏ ነው፤ ሃያ ዓመት አንቱ ስትለው የኖረችውን ሐጂ አንተ አለችው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ሐጂ ሙሳ።

"አንተ ታውቀዋለህ! እኔ ባቲ ስሄድ ለውሻዬ መድኃኒት የተቀባ አጥንት ትወረውራለህ! ፀጉሩ እንዲያልቅ፣ አረፋ ሳይደርስ እንዲያብድ!"

"እኔ ለውሻሽ አጥንት? ልጆቼ መቼ ጠግበው ተረፈና!"

"ሐጅ አድርጌያለሁ ትላለህ! ሐጅ ያደረገ ሰው እንስሳ ይመርዛል?"

የሐጂ ሙሳ ፊት ጠቆረ። መስፈሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ሰዒዳ፣ አፍሽን ያዥ። ውሻሽን ጠልቼ ይሆናል፤ አልመረዝኩም። ይህን ያልሽውን ደግሞ ቅሬ ፊት ትደግሚዋለሽ።"

"እደግመዋለሁ!" ብላ ወጣች። እስከ ሱቋ ድረስ በመንገዱ ላይ ደገመችው።

በማግስቱ፣ ከብት ሊከትብ ወደ ጨፋ የሚወርደውን ሙሀመድአሚንን ከባጃጅ ላይ አስወረደችው። ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል። መርዙን አይቶ ምስክር እንዲሆናት ነበር የፈለገችው። እሱ ግን ጎፈርን ባየ ጊዜ መጀመሪያ ሳቀ።

"እትዬ ሰዒዳ፣ ግማሹን ለማን አስቀረሽለት?"

"ሳቅህን ለጨፋ ላሞች! መርዙን ንገረኝ።"

ሙሀመድአሚን ተንበረከከ። ፀጉሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ቆዳውን አየ፣ በጣቱ ጫረው፣ አሸተተው። ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ነጭ ቅርፊት ይረግፍበታል።

"መርዝ አይደለም። ይህ ውሻ የልብስ ሳሙና ነው የሚሸተው። ማነው በዱቄት ሳሙና የሚያጥበው?"

"ማንም! እኔ ውሻ አላጥብም!"

"ታጥቧል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሞ። የቆዳው ቅባት ተጠርጎ አልቋል። ቆዳ ቅባቱን ሲያጣ ፀጉር መያዝ ያቅተዋል፣ ይለቀዋል። አፈርም አለበት ከሥሩ፤ በአፈር ታሽቷል።"

እማ ዓዲላ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መስበሃቸውን ይቆጥሩ ነበር። ቆጠራው ቆመ። ሰዒዳ የመስበሃው ድምፅ ሲቆም ሰማችና ዞረች።

"እማ?"

"ሰባት ጊዜ ነው" አሉ እማ ዓዲላ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። "ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር። ሸህ ሸምሱ አላስተማሩም ወይ?"

"እማ! እሱ ውሻ የላሰው ዕቃ ነው! ዕቃው ነው ሰባት ጊዜ የሚታጠበው! ውሻውን እጠቡ ያለ ማን አለ?"

"ዕቃው ከጠራ ውሻው አይጠራም ወይ? እኔ ምን አውቄ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ፀጉሩ ከጠራ ሐጂም ዝም ይላል፣ ቅሬውም ይተወዋል ብዬ ነው።"

"አጥንቱስ?"

"እንዲቆምልኝ ነዋ። ሰባት ጊዜ ሲታጠብ ዝም ብሎ የሚቆም አለ?"

እማ ዓዲላ ሰባ ዓመታቸው ነው። ቀሚሳቸውን ከውሻ የሚሰበስቡት ሴት፣ እጃቸው ላይ ፌስታል አስረው፣ ጄሪካን በጄሪካን እየጎተቱ፣ በየሰኞው ሰባት ሰባት ጊዜ ያንን ውሻ አጥበዋል።

"ከአብደላ የቀረኝ እሱ ነው" አሉ፤ መስበሃቸውንም ቀጠሉ።

ሰዒዳ አፏን ከፈተች። የምትጮኽበት ሰው ፈለገች። ሐጂ ሙሳ ንጹሕ ነው፤ አማቷን ልትሰድብ አትችልም፤ ዶክተሩ ምንም አላደረገም። ቁርቁራውን በእግሯ መታችው። ግንዱ እግሯን ጎዳው። እያነከሰች ተመልሳ መጣችና "እሺ፣ ምን ይደረግ? ቶሎ ንገረኝ፣ አረፋ ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል" አለች።

ሙሀመድአሚን አሁን አልሳቀም። "በመጀመሪያ መታጠቡ ይቁም። ቆዳው እስኪድን ውሃ አይንካው፤ ከዚያም በወር ቢበዛ አንድ ጊዜ፣ በለስላሳ ሳሙና፣ ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ። መቀሱን ደግሞ ለጨርቅ ተዪው፤ ፀጉሩ ለሱ ጥላው ነው፣ የከሚሴ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ምን ይበላል?"

"የተረፈ እንጀራ። ምን ሊበላ ኖሯል፣ ዱለት?"

"ዱለት ባይሆንም ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ምግቡ ላይ ጠብ የሚል ዘይት ይልመድ። ፀጉር ከሆድ ነው የሚበቅለው። መዥገሩንም እኔ አወጣዋለሁ። ዋናው ግን ማበጠር ነው፤ በየቀኑ፣ ከሱቁ ርቀሽ፣ ነፋሱ ወደ ቦርከና ወንዝ ሲነፍስ። ሊረግፍ የተዘጋጀውን ፀጉር አንቺ ከቀደምሽው ጨርቅሽ ላይ ሄዶ አይረግፍም።"

"ከዚያ ይቆማል?"

"አይቆምም። ይቀንሳል። ፀጉሩ የማይረግፍ ውሻ የለም፣ እትዬ። ሐጂ ሙሳም ቢሆኑ ረግፎባቸው ነው።"

ሰዒዳ ልትስቅ ነበር፤ ንዴቷ ቀደመና አልሳቀችም።

በዚያው ቀን ከሰዓት መጋዘኑ ገባች። ሰው እንደ ትናንቱ እስኪሞላ ውጭ ቆማ ጠበቀች፤ የሰደበችው ሰው ፊት ነውና አውፍም የምትለው ሰው ፊት መሆን አለበት ብላ ነው። ከዚያ ገብታ፣ ሚዛኑን ይዛ፣ ሊማታ እንደመጣ ሰው ተናገረች።

"አጥንቱ የአንቱ አይደለም! መርዝም የለም! ተሳስቻለሁ! አውፍ በሉኝ!"

ሐጂ ሙሳ ቀና ብሎ አያት። "ይህ አውፍ ነው ወይስ ሌላ ስድብ?"

"እኔ ከዚህ የተሻለ አላውቅም!"

"እንግዲያው አውፍ ብያለሁ" አለ። "ቅሬው ግን ቅሬ ነው። አረፋ ላይ እንገናኛለን።"

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት የንጋቱን ሱብሂ ሰግጄ ስመለስ በአጥሩ ክፍተት አያት ነበር። የአብደላን የእንጨት ሚዶ ይዛ፣ ጎፈርን በጉልበቶቿ መካከል አቁማ፣ ከአንገቱ እስከ ጭራው ታበጥረዋለች። በያንዳንዱ ስበት ትሳደባለች። "ቁም! ቁም አልኩህ! አንተ የቅሬ ተከሳሽ! ይህ ሁሉ ፀጉር ለየትኛው ብርድ ነው?" እማ ዓዲላ ከደጃፉ "ቀስ አድርጊው፣ ቆዳው ገና ነው" ይላሉ። "እማ፣ አንቱ ዝም በሉ! አንቱ አጥበውት ነው እዚህ የደረስነው!" የተበጠረውን በፌስታል ትጠቀጥቃለች፤ የሚተኛበትን ጆንያ አራግፋ ፀሐይ ላይ ትሰቅላለች፤ ከዚያ እጇን ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። ያለቀውን ልብስ እርጥብ መዳፏን ከላይ ወደ ታች ታሳልፍበትና ወዲያው ፌስታል ውስጥ ታስረዋለች። በሦስተኛው ሳምንት የግራ ጎኑ ለስላሳ ቡቃያ አወጣ፤ ማከኩ ቆመ። ፌስታሉም በየቀኑ መሙላቱን ትቶ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላ ሆነ።

የአረፋ ዋዜማ ዋርካው ሥር አሥራ አንድ ጀለቢያ ምንጣፍ ላይ ተዘረጋ። ሸህ ሸምሱ ዐይናቸው ደክሟልና መርማሪ ሁለት ሰው ተመረጠ። አንዱን አነሡ፣ ንጹሕ። ሁለተኛውን፣ ንጹሕ። ሰዒዳ እጆቿን አጣምራ ቆማለች፤ እማ ዓዲላ ከሴቶቹ ጋር መስበሃቸውን ይዘዋል። አሥሩ ንጹሕ ሆኖ አለፈ። የመጨረሻው የሐጂ ሙሳ ነበር። መርማሪዎቹ አገላበጡትና "ይህም ንጹሕ ነው" ብለው ሊያስቀምጡት ሲሉ ሰዒዳ ወደ ፊት መጣች።

"አይደለም" አለች። "ስጡኝ።"

ከብብቱ ስፌት ሥር አንድ ቀይ ፀጉር በሁለት ጣቷ መዘዘች። ከቆመችበት አይታው ኖሯል። ለሸህ ሸምሱ ዘረጋችላቸው።

"አለ። አንድ። በቀን ሁለት ጊዜ አበጥሬ፣ በእርጥብ እጅ ጠርጌ፣ ይኸው አንድ አለ! ዶክተሩ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም ብሎኛል። እኔ ባለፈው በሰው ላይ ዋሽቻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ለውሻ ብዬ አልዋሽም።"

እማ ዓዲላ ተነሡ። "ሸህ፣ ፀጉሩን ያበዛሁት እኔ ነኝ። የሚወሰድ ካለ…"

ሸህ ሸምሱ ያቺን ፀጉር በመዳፋቸው ይዘው ወደ ሐጂ ሙሳ ዞሩ። "ልብሱ ያንተ ነው። ተበዳዩ አንተ ነህ። ምን ትላለህ?"

ሐጂ ሙሳ ጀለቢያውን ተቀበለ። አገላበጠው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያን ጊዜ ያነደደኝ ፀጉሩ ሳይሆን የሰው ሳቅ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ አምና በሰፋችልኝ ጀለቢያ አንገቱ ላይ ስፒል ረስታበት ነበር። ለሩኩዕ ባጎነበስኩ ቁጥር እየወጋኝ ሙሉ የረመዳን ተራዊህ ሰግጄበታለሁ። ያን ጊዜ መርፌዋ ወደ ቆላ ይወሰድ አላልኩም። ለአንድ ፀጉርም ውሻው ይሂድ አልልም። ይቆይ።"

ሰው ሳቀ። ሸህ ሸምሱ "ይቆይ" ብለው ያቺን ፀጉር ወደ ነፋሱ ለቀቋት። እማ ዓዲላ ተቀመጡ።

የማትስቀው ሰዒዳ ብቻ ናት። ፊቷ ቀልቷል።

"ስፒል?" አለች። "የኔ ስፒል? አንገት ላይ?"

"አልፏል፣ ሰዒዳ።"

"አላለፈም! ዓመት ሙሉ ስፒል ሰው አንገት ላይ እንደምተው እያወቁ ዝም አሉኝ? ለምን አልነገሩኝም? እኔ ስፒል ቆጥሬ የማስገባ፣ ቆጥሬ የማወጣ ሴት! የቱ ጋ ነበር? በስተቀኝ ነው በስተግራ?"

"ኧረ እኔ አላስታውስም!"

"ያን ጀለቢያ ነገ ጠዋት ያምጡልኝ፣ ከሶላት በፊት! ስፒሉስ የት ነው?"

"ጣልኩት።"

"ጣሉት!" አለች ሰዒዳ። አማቷን በክንዳቸው ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ቁርቁራው ሥር እስክትደርስ ድረስ ድምፅዋ ይሰማን ነበር፤ ጎፈርም ከሩቅ ሰምቷት ይጮኽ ጀመር።